መሣሪያው ሲታደስ የተቆጣጣሪውም ድምፅ ይሰማ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ማዕከላት በአዳዲስ መሣሪያዎች ሲደራጁ የሚወጡ ዜናዎች በአብዛኛው የሚያወሱት የመሣሪያውን ዐቅምና የወጣበትን ገንዘብ ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሌት ተቀን በመሣሪያው የሚሠራው ተቆጣጣሪ «ይህ ነገር አላማረኝም» ብሎ ሳይፈራ የሚናገርበትና የተናገረውም የሚሰማበት መንገድ አለ ወይ የሚለው ነው።

እጅግ አሥጊ የሆነው ወቅት አሮጌው ተነሥቶ አዲሱ ሥራ እስኪጀምር ያለው የሽግግር ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2001 በሚላኖ ሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጭጋግ ውስጥ መንገድ የሳተ አነስተኛ ጄት ወደ ማኮብኮቢያው ገብቶ ለመነሣት ከሚንደረደር የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ሲጋጭና 118 ሰዎች ሲያልቁ፣ በምድር ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን የሚያሳየው የቀድሞው የምድር ራዳር ከአገልግሎት ወጥቶ ምትኩ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሊያስተምረን የሚገባው ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002 ሌሊት በደቡብ ጀርመን ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ ደርሶ 71 ሰዎችን የቀጠፈው ግጭት ነው። የአየር ክልሉን ይቆጣጠር የነበረው የስዊዘርላንዱ የዙሪክ ማዕከል በዚያ ሌሊት ቴክኒሻኖች በሥርዓቱ ላይ ይሠሩበት ስለ ነበር፣ አውሮፕላኖች ሲቀራረቡ በስክሪን ላይ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ አይሠራም ነበር። ዋናው የስልክ መስመርም በመቋረጡ፣ አደጋውን ከካርልስሩሄ ሆነው ያዩት ጎረቤት ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢደውሉም የዙሪኩን ተቆጣጣሪ ሊያገኙት አልቻሉም። ባልደረባው ዕረፍት ላይ ስለ ነበር ሁለት የሥራ ቦታዎችን ብቻውን የያዘው ተቆጣጣሪ፣ ጥገናው ምን ምን እንዳሳጣው በሚገባ አላወቀም። በሌሊት ፈረቃ አንድ ሰው ብቻውን መቅረቱም የዚያ ሌሊት ድንገተኛ ነገር ሳይሆን ኃላፊዎች እያወቁ ያለፉት ልማድ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች፣ ተቆጣጣሪው «ውረድ» ያለውን አንደኛውን አውሮፕላን በውስጡ ያለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ፣ ቲካስ የሚባለው፣ «ውጣ» አለው። አብራሪዎቹ የሰውን ቃል ተከተሉ፤ ሌላኛው አውሮፕላን ደግሞ በራሱ ቲካስ ትእዛዝ እየወረደ ነበር። ሁለቱ ትእዛዞች ሲጋጩ የመሣሪያው እንደሚቀድም በዓለም አቀፍ ደረጃ በማያሻማ ቋንቋ የተደነገገው ከዚህ ሁሉ ሕይወት በኋላ ነው።

ማስጠንቀቂያ መኖሩ ብቻም አያድንም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሐኔዳ አንድ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ እያለ የመንገደኞች አውሮፕላን ሲያርፍበት፣ ሥርዓቱ አደጋውን በስክሪኑ ላይ በቀለም አሳይቶ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ግን አላስተዋለውም። ከጠረፍ ጥበቃው አውሮፕላን ስድስት ሰዎች አምስቱ ሲሞቱ፣ የመንገደኞቹ አውሮፕላን 379 ሰዎች በሙሉ ተርፈዋል። ማንቂያ ያለ ምክንያት እየበዛ ከመጣ ዓይን ይለምደዋል፤ የትኛው በከንቱ እንደሚጮህ የሚያውቀውም ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው። ይህን የሚናገርበት ቦታ ካጣ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ደግሞ ብዙም የማይወራለት ጉዳይ ነው። ዘመናዊዎቹ ሥርዓቶች እያንዳንዱን ንግግርና በአውሮፕላኖች መካከል የሚፈጠረውን እያንዳንዱን የርቀት መጥበብ ራሳቸው ይመዘግባሉ። መዝገቡ ለመማሪያ ሲውል ትልቅ ሀብት ነው። አለቆች ሰው መቅጫ ካደረጉት ግን፣ ተቆጣጣሪው መሣሪያው ያልያዘበትን ነገር በራሱ ፈቃድ መናገሩን ይተዋል። በአሜሪካ ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የበጎ ፈቃድ የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት ጸንቶ የኖረው የሪፖርት አቅራቢው ማንነት ስለሚጠበቅ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ደንብ በቅንነት ለሚያሳውቁ ሠራተኞች ጥበቃ ሰጥቷል። ቸልተኛነትና ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥፋት ይጠየቅ፤ ከሥራው ጋር አብሮ የሚመጣ ስህተት ግን ያለ ፍርሃት ሊነገር ይገባል።

ይህን ስል አዲስ ነገር ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ቲካስ ብቻውን ስንቱን ግጭት እንዳስቀረ ለባለሙያው ግልጽ ነው። ሆኖም መጠባበቂያውም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በብሪታንያ፣ በአንድ የበረራ ዕቅድ ውስጥ ተመሳሳይ ስያሜ ያላቸው ሁለት የተለያዩ የበረራ መስመር ነጥቦች ስለ ነበሩ የዕቅድ ማቀነባበሪያው ከነመጠባበቂያው ቆሞ፣ ከ700,000 በላይ መንገደኞች ተስተጓጉለዋል። በዚያ ቀን ሥራው የቀጠለው በረራዎች ተቀንሰው፣ ዕቅዶቹንም ሰዎች በእጃቸው እያስገቡ ነው።

ስለዚህ አዲስ ሥርዓት የሚተክሉ ተቋማትን የምጠይቀው ይህን ነው። ተቆጣጣሪዎች በሙከራ ጊዜ ያቀረቡት እያንዳንዱ ቅሬታ ከመክፈቻው ቀን በፊት በጽሑፍ መልስ ያግኝ፤ ጥገና በሚካሄድበት ፈረቃ የማይሠራው ነገር ሁሉ ተዘርዝሮ ለተረካቢው ይነገር፤ በዚያ ፈረቃም ማንም ብቻውን አይቀመጥ። መሣሪያው ሲቆም በእጅ መሥራትም በየጊዜው ልምምድ ይደረግበት። የመክፈቻው ቀን ለፖለቲካ ወይም ለውል ሲባል ተቆርጦ ተቆጣጣሪዎቹ «አልደረስንም» ካሉ፣ ቀኑ ይራዘም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ