የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ታዲያ ጉድጓዱ የታለ?»

የክበባት ዘገባ ወጉ የታወቀ ነው። ስንት አባል ነበረን፣ ምን ሠራን፣ ምን ተሸለምን። የሳይንስ ክበብ ዘንድሮ ዋንጫ አላመጣም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የስፖርት ክበብ ዋንጫውን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደርድሯል፤ ይበለው፣ ይገባዋልም። የእኛ ሥራ ግን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ሲገምቱ፣ ግምታቸው ሲፈርስ፣ ሲከራከሩና ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ነው የከረሙት።

«ክበቡ የጥናት ሰዓት ይሻማል» የሚሉ አሉ። በመምህራን ማረፊያም፣ በወላጆች ስብሰባም ሰምቼዋለሁ። ለፈተና የሚያዋጣው ማስታወሻ መያዝና ጥያቄ መሥራት ብቻ ነው ባዮች ናቸው። ጥያቄ መሥራቱን አልጠላም፤ እኔም ክፍል ውስጥ አሠራለሁ። ግን አንድ ተማሪ የፎቶሲንተሲስን፣ ማለትም ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራበትን ሂደት፣ ቀመር አንድ ፊደል ሳይስት ይጽፋል። ወዲያው «ዛፍ ያን ሁሉ ክብደት ከየት አመጣው?» ስትሉት «ከአፈር» ይላል። ታዲያ ቀመሩን ማወቁ ምን ጠቀመው? ይህ ጥያቄ የዓመታችን ትልቁ ጉዳይ ስለነበር የዘገባውን ሰፊ ቦታ ይወስዳል። አስቀድሜ ሌላውን ላሳልፍ።

የክበቡ አሠራር ቀላል ነው። ማንም ሰው ዕቃ ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚሆንና ለምን እንደሚሆን ይጽፋል። በእስክሪብቶ ነው፤ እርሳስ ክልክል ነው። ከዚያ ሙከራው ይሠራል፣ ያዩት ይጻፋል፣ ከግምቱ ጋር ይነጻጸራል። ግምቱ ካልተጻፈ ውጤቱ ሲታይ ሁሉም «እኔ እኮ ድሮም አውቄዋለሁ» ይላል። ልጆችን ብቻ አይደለም የምለው፤ እኛም እንደዚያው ነን። የተጻፈ ግምት ግን ማምለጫ አይሰጥም።

በመጀመሪያው ሴሚስተር የፊዚክስ መምህራችን ባደረጉልን እገዛ ፔንዱለም ሠራን። አብዛኞቹ ከባዱ ድንጋይ ፈጥኖ እንደሚወዛወዝ ጻፉ። 10 ምልልስ ለክተው ለ10 ሲያካፍሉት፣ 1 ሜትር ክር ላይ የተንጠለጠለው ከባዱም ቀላሉም ለአንድ ምልልስ 2 ሰከንድ ገደማ ወሰደ። ክሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲያሳጥሩት 1 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ክሩ በአራት እጥፍ አጥሮ ጊዜው በግማሽ ብቻ ለምን ቀነሰ የሚለው ክርክር እስከ በር ድረስ ሸኘኝ። በአንድ ባትሪ፣ በአንድ አምፖልና በአንድ ሽቦ መብራት ማብራትም ሞክረናል፤ ከሚመስላችሁ በላይ ጊዜ ይወስዳል። የጨረቃን ቅርጾች በኳስና በባትሪ መብራት አይተናል። ግማሽ ጨረቃ የመሬት ጥላ ውጤት ነው የሚል ልጅ ከዚያ በኋላ ክበባችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስብሰባዎቹ በሰዓታቸው ተካሂደዋል፣ ቃለ ጉባኤውም አለ፤ ማንበብ የሚፈልግ ይምጣ።

አሁን ወደ ጉዞው። መኪና ጠይቀን አልተገኘም፤ በእግራችን ሄድን። ዛፍ የሚለማበትና የሚቆረጥበት ደን ነው። ከኮሌጅ ለልምምድ የመጡ ዕጩ መምህራንም አብረውን ነበሩ። የታቀደው ሥራ የዛፎችን ዙሪያ መለካትና የተቆረጠ ግንድ ላይ ቀለበት መቁጠር ነበር። ይህን ጨርሰን አንድ የወደቀ ግንድ አጠገብ አረፍን። ልጆቹ ሊያነሱት ሞከሩ፣ ንቅንቅ አላለም። እኔም ወረቀት አውጡ አልኳቸው። «ይህ ሁሉ ክብደት ከየት መጣ? ጻፉ።»

ሁሉም ማለት ይቻላል «ከአፈር» ብለው ጻፉ። አንዳንዱ «ሥሩ ከአፈር የሚስበው ማዕድን» ብሎ አሳመረው። የኮሌጆቹ እንግዶችም ጽፈዋል። እነሱ ምን እንደጻፉ አልናገርም፤ ብቻ ወረቀቱን ከልጆቹ ወረቀት መለየት ይከብዳል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ጥያቄው ከታች ክፍል ጀምሮ ሳይነካ ኮሌጅ እንደሚደርስ ለማሳየት ነው። ነገ እነሱ ሲያስተምሩም «ከአፈር» ተብሎ ይቀጥላል።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ አለች። ስሟን አልጽፍም፤ ብጽፈው ትጠፋብኛለች። ክፍል ውስጥ ኋላ ነው የምትቀመጠው፣ እጇን ስታወጣ አይቼ አላውቅም። ክበቡ ውስጥም የገባችው ጓደኛዋን ተከትላ ነው። ሌላው ሲከራከር እሷ ተነስታ ጉቶውን ዞረችው። ቁጭ ብላ ዙሪያውን መሬት በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ «ቲቸር፣ ከአፈር ከሆነ የመጣው፣ ታዲያ ጉድጓዱ የታለ?» አለች።

አንዱ ጎረምሳ ፈጠን ብሎ «ሥሩ ሞልቶታል» አላት።

«ሥሩስ ከምን ተሠራ?»

እሱ መልስ አልነበረውም። ሌላዋ የረገፈ ቅጠል አፈሩን ይተካዋል አለች። «ቅጠሉስ ከየት መጣ?» አለች ልጅቷ፣ አሁን ድምጿ ከፍ ብሎ። አንዱ ውሃ ነው አለ። ሁለቱ ተቧድነው ከውሃው ጎን ቆሙ። እኔ አፌን ዘጋሁ፤ ለአስተማሪ ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። መማሪያ መጽሐፍ ሳይከፈት፣ ማርክ ሳይኖረው፣ አንድ ጥያቄ ልጆችን ሲያፋጥጥ እንደዚያ ቀን ያየሁበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ሲደክማቸው የቫን ሄልሞንትን ታሪክ ነገርኳቸው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። 90 ኪሎ ግራም ገደማ ደረቅ አፈር መዝኖ ከ2 ኪሎ ብዙም የማይበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ 77 ኪሎ ገደማ ሆነ። አፈሩን አድርቆ መልሶ ሲመዝነው የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። «አላልኩም!» አለች ልጅቷ፤ ምንም ሳትል ሁሉንም ብላ ነበርና እውነቷን ነው። የውሃ ቡድኑም ጮቤ ረገጠ፣ ምክንያቱም ቫን ሄልሞንትም ዛፉ ከውሃ ተሠራ ብሎ ደምድሟል። እዚያ ላይ ግን ሰውየው ስቷል። የሚገርመው፣ ከሰል ሲቃጠል የሚወጣውን ጋዝ፣ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን፣ አንስቶ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። መልሱ እጁ ላይ ነበር። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ያ ካርቦን የመጣው ከአየር፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ከአየሩ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግንዱን ማንሳት ያቃታቸው ልጆች ወደ ላይ፣ ወደ ባዶው አየር ማየት ጀመሩ። «ይሄ? ይሄ ነው የከበደን?»

«ታዲያ ማዳበሪያ ለምን ይጨመራል?» ብሎ የጠየቀ አለ። ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ከአፈር የሚመጣው ጥቂት ነው፣ ግን ያለሱ አይሆንም። ናይትሮጅን ከሌለ ፕሮቲንም፣ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊልም አይሠራም። ያለ ፎስፈረስም ተክል አያድግም። እንጨት ሲነድ የሚቀረው አመድ በአብዛኛው ከአፈር የመጣው ማዕድን ነው። ከ1 ኪሎ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ 20 ግራም አመድ እንኳ አይተርፍም። የተቀረው ወደ መጣበት አየር ይመለሳል።

ከጉዞው በኋላ ልጆቹ እኔ ሳላዝዝ የራሳቸውን ሙከራ አመጡ። የባቄላ ዘር መዝነው፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ አበቀሉ። ቡቃያው ዘሩን የሚያስንቅ ሆነ። ከዚያ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አደረቁት። ሁሉም እንደሚጨምር ጽፎ ነበር። ከዘሩ አነሰ። «ሚዛኑ ተበላሽቷል» ተባለ። ደገሙት፣ አሁንም አነሰ። አንዱ ተጠራጣሪ ደግሞ «ያልበቀለውም ዘር እኮ ውስጡ ውሃ አለው፤ እሱን ሳናደርቅ እንዴት እናወዳድራለን?» ብሎ ሥራውን አስቆመ። ልክ ነው። እኩል ክብደት ያለው ሌላ ዘር ሳይበቅል እንዲደርቅ ተደረገ። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ቡቃያው ጨለማ ውስጥ ስንቁን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። የወፈረው በውሃ ነው። ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ ከስቶ ነው የሚያድገው። መቆጣጠሪያ ናሙና ምን እንደሆነ ለዚያ ልጅ ከእንግዲህ ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ያልተሳካም አለ። ብርሃን ላይ ያደጉት ባቄላዎች ተመዝነው ከጨለማዎቹ ጋር ሊወዳደሩ ነበር። በዕረፍቱ ሳምንት ደርቀው አገኘናቸው፤ የቤተ ሙከራው ቁልፍ የያዘ ሰው አልነበረም። የሳይንስ ቀን ዝግጅታችን በዝናብ ተቋርጦ ግማሹ ሳይታይ ቀረ። የእኛ ሚዛን ከ1 ግራም በታች አያነብም። የባቄላውን ሥራ የሠራነው ከኮሌጁ በተዋስነው ሚዛን ነው፤ መልሰናል። ማይክሮስኮፖቹ ቁጥራቸው መዝገብ ላይ ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን አንዱ ነው። ቤተ ሙከራችን ለእንግዳ ሲከፈት ያምራል። ለተማሪ ቢከፈት ደግሞ ያስተምራል።

የጥናት ሰዓት ወደሚለው ልመለስ። ለሚጠራጠሩ ባልደረቦቼ አንድ ማስረጃ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በኮሌጅ ሳይንስ፣ ምህንድስናና ሒሳብ ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አሰባስበው መርምረዋል። ገለጻ ብቻ በሚሰጥባቸው ክፍሎች 34 በመቶ ገደማ ተማሪ ወደቀ። ተማሪው ራሱ በሚሠራባቸውና በሚወያይባቸው ክፍሎች 22 በመቶ ገደማ። የፈተና ውጤትም በአማካይ 6 በመቶ ያህል ከፍ ብሏል። እዚህ ላይ የሚወራው ስለ ፈተና ነው፣ ስለ ጨዋታ አይደለም። የሚያስፈልገውም ውድ ዕቃ አይደለም። ጥያቄ ጠይቆ ድምጽ ማሰጠት፣ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ማከራከር፣ እንደገና ድምጽ ማሰጠት በቂ ነው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ያስተማሩት በዚህ መንገድ ነው። ባለ 60 ተማሪ ክፍል ውስጥም ይሠራል፤ ጫጫታውን መቻል ብቻ ነው።

እንግዲህ ለርዕሰ መምህራችን፣ ለወላጅ መምህር ኅብረትና ለቀድሞ ተማሪዎቻችን የማቀርበው ይህ ነው። አንደኛ፣ 0.01 ግራም የሚያነብ አንድ ሚዛን። ሁለተኛ፣ ማይክሮስኮፖቹን አይቶ የሚጠግን ባለሙያ፤ ከመካከላችሁ ሙያው ያለው ካለ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ቴርሞሜትር፣ ሽቦና አምፖል ቤቱ የተረፈው ሰው ቢያመጣ በደስታ እንቀበላለን። የቤተ ሙከራው ሁለተኛ ቁልፍ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ፊርማ ነው የሚፈልገው፤ ደብዳቤው ከገባ ቆይቷል።

አዲስ አባላት በመጀመሪያው የትምህርት ሳምንት ይመዘገባሉ። ማርክ አይጠየቅም። የመጀመሪያው ሥራ የደረቁትን ባቄላዎች እንደገና መትከል ነው፤ ጉድጓዱን የጠየቀችው ልጅ ቡድኑን ለመምራት ተስማምታለች።