ለደሴ ከፍታ የሚሆን ፒፔት ይገዛልን

ይድረስ የላብራቶሪ ዕቃና የሪኤጀንት ግዥ ለሚመሩልን ክቡር ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምጽፍልዎ ፈሳሽ መጥነን ስለምንስብበት መሣሪያ፣ ስለ ፒፔት፣ በጨረታ ሰነድ ላይ ስለተጻፈች አንዲት መስመር ነው። በቅርቡ ያየሁት የጨረታ ሰነድ «ፒፔት፣ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ ጥራት ያለው» ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

የገጠመንን ልንገርዎ። በኩላሊት ምርመራ፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ በሚጨምረው ክሪያቲኒን ላይ፣ ኮንትሮላችን (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀው ማመሳከሪያ ናሙና) በየቀኑ ዝቅ እያለ አስቸገረን። ሪኤጀንቱ፣ ማለትም የመመርመሪያው ኬሚካል፣ ተበላሽቷል ብለን አዲስ ከፈትን። ለውጥ የለም። በኋላ ፒፔቱን በሚዛን ፈተሽነው። 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ወደ 5 ግራም መምጣት ሲገባው 4.85 ሆነ። ዱቄት ሆኖ የሚመጣውን ካሊብሬተር (የመመርመሪያ ማሽኑን ልኬት የምናስተካክልበትን) የምናሟሟው ደግሞ በዚያው ፒፔት ነበር። ውኃው ሲያንስ ካሊብሬተሩ ይወፍራል፤ የታማሚው ውጤት ከእውነቱ አንሶ ይነበባል። ኩላሊቱ መድከም የጀመረ ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ቀዬው ሊመለስ ይችላል። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የዚያ ፒፔት ጎሚኒ፣ አየር እንዳያልፍ የሚያሽገው፣ አርጅቶ ነበር። ግን አዲሱም እዚህ ሳይፈተሽ አይታመንም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባቄላ እዚህ ዝቅ ብላ ካለችው ከኮምቦልቻ ይልቅ ብዙ እሳት የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው። በፒፔቱ ፒስተንና በፈሳሹ መካከል አየር አለ። የፈሳሹ ክብደት ያንን አየር ይለጥጠዋል፤ አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ የሚሳበው ፈሳሽ ያንሳል። የፒፔት ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይ ኤስ ኦ 8655 ለ5 ሚሊ ሊትር ፒፔት የሚፈቅደው ስህተት 0.04 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው።

እባክዎ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ከፍታችን ይጻፍ። አቅራቢው ፒፔቱን እዚሁ ደሴ መጥቶ ካሊብሬት ያድርግ፣ ልኬቱን ያስተካክል፤ መለዋወጫ ጎሚኒና ጫፉ ላይ የሚሰካውን የፒፔቱን የራሱን ቲፕ አብሮ ያቅርብ። ካሊብሬተር ለማሟሟት ደግሞ ክላስ ኤ፣ ማለትም ከፍተኛ ትክክለኛነት ያለው፣ የመስታወት ፒፔት ይገዛልን። የአየር ትራስ ስለሌለው ከፍታው አያሳስተውም፤ ዋጋውም አይከብድም። ሪኤጀንቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተጠብቆ መምጣቱ ስንረከብ በሙቀት መመዝገቢያ ይረጋገጥ። ከአዲስ አበባ እስከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው።

የሚቀጥለው ሰነድ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁን ይላኩልን። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ያለን ባለሙያዎች አንብበን በሁለት ቀን እንመልስልዎታለን።

ከአክብሮት ጋር