ጉጠቱ ትንሽ ይታገሥ

ክቡር አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጥርስ የወጣውን ጽሑፍ ወድጄ አነበብኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ነርቩ የተገደለ ጥርስ ዳግም ካመመ መፍትሔው መንቀል ነው» ይላል። ኧረ ቆይ! ያው ጥርስ ተከፍቶ ዳግም ሊታከምም ይችላል።

ደብረ ማርቆስ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት የላይኛው መንጋጋዬ እንቅልፍ ነሳኝና ነርቩን አስገደልኩት። ሐኪሙ በጊዜያዊ መሙያ ደፍኖ «ተመልሰው ይምጡ፣ ጥርሱን የሚሸፍን ካፕ ይደረግለታል» አለኝ። ሕመሙ ጠፋ፤ እኔም ጠፋሁ። መሙያው ዳቦ ቆሎ ስበላ ተሰብሮ ወደቀ። ያንንም ለወራት ዝም አልኩት። በዚህ በማንም አላሳብብም።

ከዓመታት በኋላ ድዴ ላይ ብጉር የምታክል ነገር ወጣች። ትፈርጣለች፣ መግል ትተፋለች፣ ተመልሳ ታብጣለች። ጎረቤት ቅርንፉድ አዘዘልኝ። ሌላው «ጋሼ፣ ምን ያደርግልዎታል፣ ያስነቅሉት!» አለኝ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ባለሙያው ራጅ ሳያነሳ ጉጠቱን አነሳ። አመስግኜ ወጣሁ።

መንገዱ ደህና በሆነ ቀን ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፌ ባሕር ዳር ገባሁ። አንድ ወጣት ሐኪም ራጅ አነሳኝ። ከስሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ ታየ፤ ኢንፌክሽኑ አጥንቱን እየበላ ነበር። ጥርሱን ሲከፍተው ደግሞ ሌላ ጉድ ተገኘ። «መምህር፣ ያንተ ጥርስ አራት ቦይ አለው። የተሞላው ሦስቱ ነው» አለኝ። ቦይ የሚሉት በስሩ ውስጥ ነርቩ የሚያልፍበትን ቀጭን ቀዳዳ ነው። ይህቺ አራተኛዋ ቦይ ክር የምታህል ናት። ከላይኞቹ የመጀመሪያ ትልልቅ መንጋጋዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ትገኛለች፤ በአጉሊ መነጽር ካልተፈለገች በቀላሉ ትታለፋለች። ባክቴሪያው እዚያ ተደብቆ ኖሯል። በወደቀው መሙያ በኩል የገባው ምራቅም ሌላ ባክቴሪያ ጨመረለት። ሽማግሌዎቻችን «ጥርሱን ትል በላው» የሚሉት ነገር ትሉ ይሄው ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ጥርሱ ብቻ ብቅ እንዲል አድርጎ አፌን በስስ ጎማ ሸፈነው፤ ምራቅ እንዳይገባ ነው። ጎማ መሰሉን የድሮ መሙያ በቀጫጭን ሞረዶች ፍቆ አወጣው። ከዚያ ቦዮቹን ደጋግሞ አጠበ። በምን? በበረኪና! ደንግጬ ሽታውን ጠየቅሁት፤ ለሕክምናው ተመጥኖ የተዘጋጀ የበረኪና ዘር ነው አለኝ። (እቤት ማንም እንዳይሞክረው።) በሁለተኛው ቀጠሮ አራቱንም ሞላቸው። ካፑን በሦስተኛው አሠራሁ፤ በዚህ ጊዜ አልጠፋሁም።

የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ከመጀመሬ በፊት «ከመቶ ስንቱ ይድናል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ከአራት ሦስቱ ገደማ» አለኝ። በኋላ ሳነብ ያንኑ አገኘሁት። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን የደመረ ሥራ 77 በመቶ ያህሉ እንደሚድን ይላል። ራጁ ላይ ጥላ የሌለው ጥርስ ከዚያ በላይ፣ ጥላ ያለው ከዚያ በታች ነው።

አማካይ ቁጥር ግን ያሞኛል፤ ተማሪዎቼን ሁሌ የምላቸው ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ 452 ዳግም የታከሙ ጥርሶችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። የመጀመሪያው ሐኪም የቦዩን ተፈጥሯዊ ቅርጽ ካላበላሸው ከመቶ 87 ያህሉ ተሳክቷል። ካበላሸው 47 ብቻ። ይህ እንግዲህ ዘውድና ጎፈር ነው። ስለዚህ «ይድናል ወይ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ለምን ከሸፈ?» መባል አለበት። የታለፈ ቦይ ከሆነ ወይም ከላይ ምራቅ ከገባ ተስፋው ጥሩ ነው። ስሩ ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ወይም ካፕ የሚይዝ ጥርስ ካልተረፈ ግን መንቀሉ እውነትም ይሻላል። በመካከል ደግሞ ድዱን ከፍቶ የስሩን ጫፍ የሚቆርጥ ቀዶ ሕክምና አለ።

ዋጋው ለአስተማሪ ደመወዝ ቀላል አይደለም፤ መንቀል በብዙ ይረክሳል። ሰው በገንዘብ ምክንያት መንቀልን ቢመርጥ አልወቅስም። ግን ሌላ መንገድ መኖሩን ሰምቶ ይምረጥ። ራጅ ሳይታይ፣ ምክንያቱ ሳይነገረው አፉን አይክፈት። እናንተም ያቺን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም ብታርሟት ደስ ይለኛል።

የእኔ መንጋጋ ባለፈው ሚያዝያ ዓመት ሞላው። ብጉሯ ጠፍታለች፤ ራጁ ላይ ያለው ጥላ ጠቧል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ሐኪሙ በመጪው ዓመትም እንድመለስ ቀጥሮኛል። ዳቦ ቆሎውን ለጊዜው በግራ በኩል ነው የማኝከው።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ