ከኦርሊያን ቱር በአንድ ቀን? ተይ አንቺዬ

አንቺዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ዝም ብዬ መክረሜ ከብዶኛል፤ ይቅር በይኝ፣ ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ እናትሽ ለእናቴ የነገሯት ወሬ ነው። በነሐሴ ወደ ፈረንሳይ ልትመጡ ነው አሉ፣ እሰይ! ግን ከኦርሊያን ከተማ እስከ ቱር ከተማ በብስክሌት በአንድ ቀን? ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ እኮ ነው። ባልሽ አንዴ ፔዳል ከረገጠ ዞሮ እንደማያይ ከቢሾፍቱው ጉዞ ጀምሮ እናውቃለን፤ እሱ ይችለዋል። መንገዱ መታቀድ ያለበት ግን በአንቺ አቅም ነው።

ስሚኝማ። ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ በጠዋቱ ባቡር ብሉዋ ድረሱና እዚያው ብስክሌት ተከራዩ። የሎዋርን ወንዝ ግራ ዳር ይዛችሁ ሴን-ዲዬ፣ ከዚያ ሻምቦር፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሜዳ ለሜዳ። ከሻምቦር በብራሲዩ በኩል ሸቨርኒ፣ ከዚያ ወደ ብሉዋ። ዙሩ በጠቅላላ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሰዓት 15 ብትሄዱ መንገዱ አራት ሰዓት አይፈጅም፤ የተረፈው ጊዜ ለሻምቦር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1519 መሠራት የጀመረው ይህ ቤተ መንግሥት መሃሉ ላይ ሁለት ጥምዝ ደረጃዎች ተጠላልፈው ይወጣሉ። አንቺ በአንዱ፣ እሱ በሌላው ውጡ፤ በመስኮቶቹ ትተያያላችሁ እንጂ አትገናኙም።

ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ነው። ጠዋት ከኋላ ይገፋችኋል፣ ደክሟችሁ ስትመለሱ ግን ፊት ለፊት ነው። የሸቨርኒውን መንገድ የመረጥኩላችሁ የሩሲ ጫካ ስለሚከልላችሁ ነው። በሜዳው አንቺ ፊት ሁኚና ፍጥነቱን ወስኚ፤ ነፋስ ሲበረታ ብቻ እሱ ይቅደም፣ አንቺ ከኋላው ተጠለይ። መንደር ውስጥ ምልክት የሌለው መስቀለኛ ስትደርሱ ከቀኝ የሚመጣ መኪና ቅድሚያ አለው፤ ይህን አደራ።

ከኪራይ ቤቱ ሳትወጡ ጎማውን እዩ። 37 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ለኋላው 4 ባር የአየር ግፊት፣ ለፊቱ 3.5 ይበቃል። አየር ካነሰው ከመነዳሪው (አየር የሚይዘው የውስጡ ጎማ) በጠርዝና በጎማው መሃል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። እሾህ ከሆነ የበሳው፣ አዲሱን ከመነዳሪ ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፤ እሾሁ እዚያው ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል። ቀጭኑ ቫልቭ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ካልፈታችኋት አየር አይገባም።

ጾሙንም አስቤበታለሁ፣ ፍልሰታ ላይ እኮ ነው የምትመጡት። ባህላዊውን ባጌት ግዙ፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሕግ የተወሰነ ነው፣ ወተትም ቅቤም አይገባበትም። ክሯሳን አትንኩ። የመንደር ሱቅና ዳቦ ቤት ብዙው ከ12:30 በኋላ ይዘጋል፣ እንደ እኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው፤ ዳቦውን በጠዋት ያዙ። ነሐሴ 9 ደግሞ እነሱም በዓላቸው ነውና ያን ቀን አትነሱ። ውሃ ሲያልቅባችሁ የመቃብር ቦታ ፈልጉ፤ አብዛኛው ቧንቧ አለው። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ከተጻፈበት አይጠጣም።

አንድ ሌላ ነገርም ልጠይቅሽ ነበር... እሱ በደብዳቤ አይሆንም፣ ስትመጪ።

ለጊዜው የምፈልገው የሁለታችሁን የእግር ልክ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፤ ወፍራም መጽሐፍ በእግራችሁ መሃል እስከ ላይ አጥብቃችሁ ያዙና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ አናት ለኩ። በ0.883 ሳባዛው ፔዳሉ ከሚዞርበት መሃል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ይወጣልኛል፤ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ማለት ነው። መቀመጫው ዝቅ ካለ ጉልበትሽን ከፊት በኩል ያምሻል፣ ከፍ ካለ ዳሌሽ ይወዛወዛል። የነሐሴ ብስክሌት ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ልኩን ላኪልኝ፤ እኔ ከዚሁ ላስይዝላችሁ።