ውስን እትም ሸክላዎች ለምን ቶሎ ያልቃሉ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የሬከርድ ስቶር ደይ፣ ማለትም በየዓመቱ የሚከበረው የሸክላ ቤቶች ቀን፣ ቅዳሜ ካለፈ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ብዙዎቻችሁ ገና ሳይነጋ ተሰልፋችሁ የፈለጋችሁትን ሸክላ ሳታገኙ ተመልሳችኋል። ተናዳችሁ የሄዳችሁም አላችሁ። «ለምን ሁለት ብቻ አስመጣችሁ?» ያሉን አሉ። «ለዘመድ ደብቃችሁ ነው?» ያሉንም አሉ። «ስንት ጊዜ ደንበኛ ሆኜ አንድ እንኳ አትይዙልኝም?» ያሉንም አሉ። መናደዳችሁ ይገባናል። እኛም ባዶ መደርደሪያ እያየን «አልቋል» ማለት ሰልችቶናል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ የትኛው በእኛ እጅ እንዳለና የትኛው እንደሌለ በግልጽ እንንገራችሁ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።

ከቀኑ እንጀምር። ሐሳቡ የተወለደው በ2007 እኛ ካለንበት ዋሺንግተን ብዙም በማትርቀው ባልቲሞር፣ ትናንሽ ሙዚቃ ቤቶች ያሏቸው ሰዎች ተሰብስበው ሲነጋገሩ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ትልቁ የሙዚቃ መደብር ታወር ሬከርድስ አሜሪካ ያሉትን ሱቆቹን ዘግቶ ነበር። ሰው ሁሉ የሸክላ ቤት ዘመን አከተመ ይል ነበር። የመጀመሪያው ሬከርድ ስቶር ደይ በሚያዝያ 2008 ተከበረ፤ ዓላማውም ሰው ከኮምፒውተሩ ተነስቶ ሱቅ ድረስ እንዲመጣ ነበር። መጣም። ዛሬ እንደኛ ያለ ሱቅ የብዙ ወር ኪራዩን የሚከፍለው ከዚያች አንዲት ቅዳሜ ነው። ቀኑን የምንነቅፍ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፤ እሱ ባይኖር ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሱቅም ላይኖር ይችል ነበር።

ችግሩ ያለው ድልድሉ ላይ ነው። ለዚያ ቀን ብቻ ተብለው በመቶዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ ሸክላዎች ይታተማሉ። ዝርዝሩ ሲወጣ እኛ የምንፈልገውን ከነብዛቱ ጽፈን ለአከፋፋዮች እንልካለን። ይህ ግን ጥያቄ እንጂ ግዢ አይደለም። አንድ ሸክላ ለአገሩ በሙሉ የታተመው ሁለት ሺህ ቢሆንና የሱቆቹ ጥያቄ ተደምሮ አሥር ሺህ ቢመጣ፣ አከፋፋዩ ይቆርጣል። አሥር የጠየቀ ሁለት ይደርሰዋል፣ አንዳንዱም ምንም አይደርሰውም። ስንት እንደተመደበልን የምናውቀው ቀኑ ሲቃረብ ነው። ካርቶኑን ከፍተን ደረሰኙን እስክናይ ድረስ እርግጠኛ ያልሆንንባቸው ጊዜያትም አሉ፤ ይመጣል የተባለው ሸክላ ደረሰኙ ላይ «ዜሮ» ተብሎ ሲገኝ ምን እንደሚሰማን ለመናገር ይከብዳል፣ ምክንያቱም ማለዳ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ፊት እናውቀዋለን።

ታዲያ ለምን መቶ አትጠይቁም ትሉን ይሆናል። ብዙ የጠየቀ ብዙ ያገኛል ማለት አይደለም፤ ከዚያ ደግሞ የዚህ ቀን ሸክላ ካልተሸጠ መመለስ የለም። የተላከልንን በሙሉ እንከፍላለን። ያልተፈለገው ሸክላ መደርደሪያ ላይ ሲከርም ለሌላው መግዣ የሚሆነው ገንዘብ እሱ ላይ ይታሰራል። እንደኛ ላለ ትንሽ ሱቅ አንድ ካርቶን የማይሸጥ ዕቃ ቀላል ነገር አይደለም።

«ያዙልኝ» ስለምትሉት ደግሞ። በዚህ ቀን የሚሳተፍ ሱቅ ሁሉ ቃል ይገባል፦ ከቀኑ በፊት አይሸጥም፣ ዋጋ አያንርም፣ ዕቃ ደብቆ አያስቀርም። በአካል ለመጣ፣ ቀድሞ ለደረሰ ሰው ነው የሚሸጠው። ለማናችሁም ያልያዝነው ስለማንወዳችሁ አይደለም። ለአንዱ ከያዝን ሌሊቱን ቆሞ ያደረውን ሰው መዋሸት ይሆናል። የቤታችን ሠራተኞችም እንደማንኛውም ሰው ነው የሚገዙት። ይህን የምንለው በቀጥታ ስለጠየቃችሁን ነው፤ ማንም ሰው ከጓዳ በኩል ሸክላ አልወሰደም።

ለምን ብዙ አይታተምም የሚለው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ሸክላ እንደ ፋይል አይባዛም። መጀመሪያ ሙዚቃው ላከር በሚባል ለስላሳ ሰሃን ላይ ይቀረጻል። ከእሱ የብረት ቅርጽ ይወጣል፣ ያ ቅርጽ ማተሚያው ላይ ይገጠማል፣ የጋለ ፕላስቲክ ይጨመቅበታል። አንዱ ቅርጽ አንድ ሺህ ገደማ ካተመ በኋላ ይደክምና ይለወጣል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ሦስት መቶ ቢታተምም አምስት ሺህ ቢታተምም ወጪው ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ነው በጥቂቱ የታተመው ሸክላ ውድ የሚሆነው። ፋብሪካዎቹም ጥቂት ናቸው። ወረፋው ረጅም ነው። በየካቲት 2020 ካሊፎርኒያ፣ ባኒንግ ውስጥ የነበረው አፖሎ ማስተርስ በእሳት ወደመ፤ ላከር ከሚሠሩት የዓለም ሁለት ዋና ፋብሪካዎች አንዱ እሱ ነበር፣ የቀረው ጃፓን ያለው ነው። ወዲያው ወረርሽኙ መጣ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሸክላ መግዛት ጀመረ። በ2021 ለአንዲት ታዋቂ እንግሊዛዊት ዘፋኝ አዲስ አልበም ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሸክላ መታዘዙ ተዘግቧል። በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ላይ ቀረ፤ ሸክላ በብዛት ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ማተሚያዎች ተከፍተው ወረፋው ቀለል ብሏል፤ ግን ትልቁ ኩባንያ መቶ ሺህ ይዞ ሲመጣና ትንሹ አሳታሚ አምስት መቶ ይዞ ሲመጣ ማን እንደሚቀድም መገመት አያቅትም።

ሌላው የሚያናድደን የቀለም ነገር ነው። ያው አንድ አልበም በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በዝንጉርጉር፣ በአምስት ዓይነት ሽፋን ይወጣል። እያንዳንዱ ላይ «ውስን እትም» የሚል ተለጣፊ አለ። ያ ጽሑፍ ስንት እንደታተመ አይነግራችሁም፤ ሦስት መቶም ሊሆን ይችላል፣ ሃያ ሺህም ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩን የሚወስን ሕግ የለም። ቀለም ድምፁን አያሻሽለውም። ሙዚቃው ያው ነው። ቀለሙን ወዳችሁት ከገዛችሁ ደስ ይለናል፤ «ካልገዛሁት ያመልጠኛል» ብላችሁ ከሆነ ግን እባካችሁ መጀመሪያ እኛን ጠይቁን፣ መደበኛው ጥቁር እትም መኖር አለመኖሩን እንነግራችኋለን።

አሁን ወደ አትራፊዎቹ። ጠዋት በሠላሳ አምስት ዶላር የሸጥነው ሸክላ ከሰዓት ዲስኮግስ ወይም ኢቤይ በተባሉት የኢንተርኔት መገበያያዎች ላይ በመቶ ሃያ ተለጥፎ እናያለን። ያን ያህል የሚያንገበግበን ነገር የለም። ሰውየው ሙዚቃውን አይሰማውም፣ ከማሸጊያው እንኳ አያወጣውም። እኛ ግን በር ላይ ቆመን የማንን ልብ መመርመር እንችላለን? የምንችለው አንድ ሰው ከአንድ ርዕስ አንድ ብቻ እንዲገዛ ማድረግ ነው፤ ይህን እናደርጋለን፣ ወደፊትም አንለውጠውም። ባልና ሚስት ሁለት እንውሰድ ብላችሁ የተቆጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ሁለታችሁም ሰልፉ ላይ ከቆማችሁ ሁለት ትወስዳላችሁ፤ አንዳችሁ ብቻ ከመጣችሁ አንድ ነው።

የእኛን ሰው በተለየ የሚጎዳው ግን ሰልፉ ራሱ ነው፣ እዚህ ላይ ከልባችን ከእናንተ ጋር ነን። ብዙዎቻችሁ የሌሊት ፈረቃ ትሠራላችሁ። ሆስፒታል፣ ኤርፖርት፣ ፓርኪንግ፣ ታክሲ። ቅዳሜ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሱቅ በር መቆም የሚችለው ሌሊቱን የተኛ ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ ቀኑ የሚወድቀው በሚያዝያ ነው። አዘጋጆቹ የፈረንጆቹን ፋሲካ ይሸሻሉ፣ የእኛን ግን አያውቁትም፤ በ2022 ዕለቱ ልክ በቅዳም ሥዑር ዋለ። ሰው ለሌሊቱ ቅዳሴ ይዘጋጅ ወይስ ለሸክላ ይሰለፍ? ቅሬታችንን በጽሑፍ አቅርበናል። እስኪሰማ ድረስ ግን የራሳችንን መላ እንፈልጋለን፣ ወደ እሱ እንመጣለን።

ከዚያ በፊት የሀገራችን ሸክላዎች ጉዳይ አለ፤ ከምንም በላይ የምትጠይቁን እሱን ነውና። አባቶቻችን በወጣትነታቸው ያዳመጧቸው ሸክላዎች ድሮም ብዙ አልነበሩም። ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቸኛ መብት በነበረበት ዘመን፣ በ1969 አምሃ እሸቴ ያንን ደፍሮ የራሱን አሳታሚ አቋቋመ፣ የመጀመሪያው ሸክላውም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቴፑ ወደ ሕንድ ተልኮ ታትሞ መጣ፣ በኋላም ሊባኖስ ታተመ። አምሃ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ትልልቅ አልበሞች አወጣ። እንደ ካይፋ ሬከርድስ ያሉ ሌሎች አሳታሚዎች ጥቂት ዓመት ቀጠሉ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላ አበቃ። የተረፉት ደግሞ በየቡና ቤቱ ሲሽከረከሩ የኖሩ፣ የተቧጨሩ ናቸው። ስለዚህ «የጥላሁንን የመጀመሪያ እትም አምጡልኝ» ስትሉን ዋጋው የሚያስደነግጣችሁ ለዚህ ነው፤ እኛ የሰቀልነው አይደለም።

ደስ የሚለው ነገር ግን ብዙዎቹ እንደገና እየታተሙ ነው። በ1972 ኒውዮርክ የተቀረጸው የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 በለንደኑ አሳታሚ ስትረት እንደገና ወጣ። እዚሁ ዋሺንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረው ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር የሠራው «ቼ በለው» በ2014 ተመለሰ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖም እንደገና በሸክላ ይገኛል። እነዚህን የሚያሳትሙት ትናንሽ አሳታሚዎች ናቸው። ሲያልቅባቸውና ጠያቂ እንዳለ ሲያዩ መልሰው ያሳትማሉ። ልብ በሉ፣ ጠያቂ እንዳለ የሚያዩት ከሱቆች በሚመጣ ትእዛዝ ነው። የናንተ ስም እኛ ዘንድ ተመዝግቦ ሲቀመጥ ትእዛዛችን ይከብዳል፣ የሚቀጥለው እትምም ይፈጥናል። ባለቀለሙ ሸክላ ካመለጣችሁ በሦስት እጥፍ ዋጋ ከአትራፊ አትግዙ። ታገሱ፣ ጥቁሩ ይመጣል። ሬከርድ ስቶር ደይ ላይ ከሚወጡትም መካከል «ፈርስት» የሚል ምልክት ያለባቸው አሉ፤ እነሱ በዚያ ቀን ቀድመው ወጡ እንጂ በኋላ በመደበኛነት ይሸጣሉ። ለእነሱ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው እንዳይኖር ዝርዝሩ እንደወጣ የትኞቹ እንደሆኑ በር ላይ እንለጥፋለን።

ከእንግዲህ የምናደርገው እንዲህ ነው። ለመደበኛ እትሞች፣ በተለይም ለሀገራችን ሸክላዎች፣ መዝገብ ከፍተናል። ስማችሁንና የምትፈልጉትን ርዕስ ታስመዘግባላችሁ፣ አሥር ዶላር ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ሲመጣ እንደውላለን፣ ለሁለት ሳምንት እንይዝላችኋለን። በሦስት ወር ካልመጣ ቀብዱ ይመለሳል። ለሬከርድ ስቶር ደይ ደግሞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቁጥር እንሰጣለን። ቁጥሩን ይዛችሁ ሄዳችሁ መኪናችሁ ውስጥም አረፍ ብላችሁ፣ ቤትም ደርሳችሁ መመለስ ትችላላችሁ፤ ሁለት ሰዓት ላይ በር ሲከፈት በቁጥራችሁ ትገባላችሁ። ሽማግሌዎችና ነፍሰ ጡሮች ብርድ ላይ አይቆሙም፣ ውስጥ ወንበር አለ። ከዋዜማው ዓርብ ማታ ደግሞ የደረሰንን እያንዳንዱን ርዕስ ከነብዛቱ ጽፈን መስኮቱ ላይ እንለጥፋለን። አንድ ብቻ የመጣ ከሆነ «1» ተብሎ ይጻፋል። ለሌለ ነገር ማንም እንዳይሰለፍ።

ቅዳሜውን ሸጠን የተረፈ ካለ ሰኞ ጠዋት በስልክ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ይህን አስታውሱ፣ ሰው ከሚያስበው በላይ ይተርፋል። በቅዳሜው ጠዋት ግን እባካችሁ አትደውሉ። ስልኩን የሚያነሳ ሰው የለንም፣ ሁላችንም በር ላይ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሸክላ ቤታችሁ ባልደረቦች