ለአበልጄ፣ ከኢሩን

ይድረስ ለአበልጄ ለሰሎሞን፣

እንደምን ከረምክ? ጠፋህ ብለህ ብትወቅሰኝ መብትህ ነው፤ ወቀሳውን ግን ለስልክ አቆየው። ናፍቆት ብቻ አስጻፈኝ ብልህ አታምነኝም። ጉዳይ አለኝ። ጉዳዩ የክርስትና ልጅህ ነው።

አትደንግጥ፣ ደህና ነው። በቁመት እኔን ሊያልፈኝ ምንም አልቀረው። እዚህ በኢሩኑ ክለብ በሪያል ዩኒየን ታዳጊ ቡድን ይጫወታል። ሰሞኑን አንድ ትልቅ ክለብ «እኛ ጋ ይምጣ» አለ። የክለቡን ስም አልጽፍልህም፤ አፍህን አውቀዋለሁ። ልጁ በደስታ እንቅልፍ የለውም። እናቱ «ትምህርቱስ?» ብላ አኩርፋለች። እኔ መሀል ቤት ተቀምጬ ማታ ማታ የሪያል ዩኒየንን ታሪክ አነባለሁ፣ መልሱ እዚያ ያለ ይመስል።

ሪያል ዩኒየን ስልህ ትዝ አለህ? ልርዳህ። 2008፣ በፈረንጆቹ። ሦስተኛ እርከን ላይ ያለ ቡድን ያንተን ማድሪድ ከኮፓ ዴል ሬይ፣ ከስፔን የንጉሥ ዋንጫ፣ ያባረረበት ዓመት። ኢሩን ላይ 3 ለ 2 አሸነፉ። በማድሪድ ሜዳ በርናቤው ላይ ራውል ሃትሪክ ሠርቶ ማድሪድ 4 ለ 3 ቢያሸንፍም አልበቃም። ድምሩ 6 ለ 6፤ ዩኒየን ከሜዳው ውጪ ባገባው ብልጫ አለፈ። ያን ሰሞን ስልክ አላነሳ ብለህ ነበር፣ ረሳኸው? እዚህ ያ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር አንተን እያሰብኩ እስቃለሁ።

ግን እኮ ቡድኑ ሁሌም ትንሽ አልነበረም። በ1915 ሁለት የኢሩን ክለቦች ተዋህደው የመሠረቱት ነው። ኮፓውን በ1918፣ በ1924 እና በ1927 በላ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ሲበላ በፍጻሜው ማንን እንዳሸነፈ ገምት። አዎ፣ ማድሪድን። የስፔን ብሔራዊ ቡድንን የመጀመሪያ ጎል፣ በ1920 ኦሊምፒክ ዴንማርክ ላይ ያገባው ፓትሪሲዮ አራቦላሳ የዚህ ክለብ ተጫዋች ነው። በ1929 ላሊጋ ሲጀመር ከአሥሩ መሥራቾች አንዱ ዩኒየን ነበር። የላሊጋ የመጀመሪያዋ ጎል የገባችበት በረኛም የነሱ ነው፤ አንቶኒዮ ኤምሪ፣ የአስቶን ቪላው የኡናይ ኤምሪ አያት። አንተም በረኛ ነበርክና የሰውየውን ስሜት ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ክለቡ የኤምሪ ቤተሰብ ነው።

ታዲያ እንዴት እዚህ ደረሰ? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ኳስ ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ ሆነ። ኢሩን የድንበር ከተማ ናት፤ የቢዳሶአን ወንዝ ከተሻገርክ ፈረንሳይ ነህ። እንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ከማድሪድና ከባርሴሎና ጋር በገንዘብ ምን ትችላለች? ልዊስ ሬጌሮ የኢሩን ልጅ፣ የዩኒየን ተጫዋች ነበር። በ1931 ማድሪድ ወሰደው። በዚያው የውድድር ዘመን ማድሪድ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በላ፤ ዩኒየን ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ላሊጋ አልተመለሰም። በ2009 ከ44 ዓመት በኋላ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ገብቶ ነበር፤ በዓመቱ ተመልሶ ወረደ።

በሬጌሮ አልፈርድም። ማን እምቢ ይላል?

ደግሞ ሬኔ ፔቲ አለልህ። ፈረንሳይ አገር ዳክስ የተወለደ ነው። በተማሪነቱ ለማድሪድ ተጫውቶ በ1917 ኮፓ በላ። ከዚያ ኢሩን መጣና በዓመቱ በኮፓው ፍጻሜ ላይ ማድሪድን አሸነፈ! አብዛኛውን የኳስ ዘመኑንም በዩኒየን አሳለፈ። መሐንዲስም ሆነ፤ ናቫራ ውስጥ ያለውን የየሳ ግድብ ግንባታ የመራው እሱ ነው። ይሄን ለባለቤቴ ስነግራት «አየህ!» አለችኝ። ልጁ ግን «አባ፣ ፔቲን ማን ያውቀዋል?» አለ። ምን ልበለው?

እውነቱን ልንገርህ? እንዲሄድ አልፈልግም። ትምህርቱ ሰበብ ነው። እዚህ ከተማ ሰው ሰላም ይለኝ የጀመረው የእሱ አባት መሆኔን ካወቀ በኋላ ነው። ስታዲየም ጋል በር ላይ (የሽቶና የሳሙና ድርጅት ስም ነው፣ ሳቅ) ሽማግሌዎቹ ቆመው ያዋዩኛል፣ የኔን ስፓኒሽ ታግሰው። ልጁ ሲሄድ እኔ ማን ልሆን ነው? ይሄን ለእናቱ አልነገርኳትም። አንተም እንዳትነግራት።

እና ደግሞ... እንዴት ብዬ ልጠይቅህ። ያኔ አንተን ለኳስ ከሰፈር ሲወስዱህ ቦርሳህን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ስትመለስ ምንም አልጠየቅኩህም፤ አንተም ምንም አላልክም። ቀልደን አለፍነው። ባትሄድ ይሻልህ ነበር? መመለስ ካልፈለግህ ተወው። ግን ከአንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ልጁ እሁድ ይደውልልሃል። የማድሪድ ጨዋታ ካለ ቀድመህ ንገረኝ፣ ሰዓቱን እንቀይረዋለን፤ ተሸንፋችሁ ከሆነ ልጄን የምትመክረው ምክር ያስፈራኛል። ለእሱ ደስ የሚለውን በለው። ለእኔ ግን የምታስበውን ጻፍልኝ፤ ከወሩ መጨረሻ በፊት መልስ መስጠት አለብን።

አበልጅህ