የልጅ ልጅዎ ድል ዕድል አይደለም

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የፒያሳ ጓደኞችዎ የልጁን የቼዝ ድል «ዕድል ነው» ካሉ አይቀበሏቸው። የጨዋታውን መዝገብ አይቼዋለሁ።

የእሱ ሬቲንግ (የተጫዋች አቅም የሚለካበት ነጥብ) 1500፣ የተጋጣሚው 1700 ነው። በ200 ነጥብ ልዩነት ከዝቅተኛው የሚጠበቀው 0.24 ነው፤ ከአራት ጨዋታ አንድ ነጥብ ገደማ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው በትልልቆቹም ይደርሳል። በ2023 በኳታር ማስተርስ የካዛኪስታኑ አሊሸር ሱሌይሜኖቭ 2512 ይዞ 2839 የነበረውን የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ማግኑስ ካርልሰንን ረቶታል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ ባገኘው 1 ነጥብና በተጠበቀው 0.24 መካከል ያለው ልዩነት በ40 ይባዛለትና 30 ነጥብ ገደማ ያገኛል። አዋቂው ግን በ20 ስለሚባዛበት የሚያጣው 15 ብቻ ነው።

ጨዋታው የተወሰነው መጨረሻው ላይ ነው፤ ልጁ ነጭ ይዞ ግንብና አንድ ወታደር፣ ተጋጣሚው ጥቁር ይዞ ግንብ ብቻ ቀርቷቸው። ተጋጣሚው አቻ መውጣት ይችል ነበር። የነጭ ወታደር (ከነጭ በኩል ሲቆጠር) 5ኛው ረድፍ ላይ እስካለ ድረስ ጥቁር ግንቡን 6ኛው ረድፍ ላይ አቁሞ የነጭን ንጉሥ ማገድ ነበረበት፤ ወታደሩ 6ኛው ላይ ሲገባ ብቻ ወደ ታች ወርዶ ንጉሡን ከኋላ እያጠቃ ቼክ ማለት ነበረበት። እሱ ግን ቸኩሎ ቀድሞ ወረደ። የነጭ ንጉሥም በተከፈተው በር ገባና የጥቁሩን ንጉሥ ከወታደሩ ፊት ገፍቶ አስወጣው።

አሁን ሰሌዳዎን ያውጡና ይደርድሩት፦ ነጭ ንጉሥ ዲ8፣ ወታደር ዲ7፣ ግንብ ኤፍ1፤ ጥቁር ንጉሥ ጂ7፣ ግንብ ሲ2። ተራው የነጭ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ንጉሡን ቶሎ ወደ ኢ7 ያወጣል፤ ከዚያ ቼክ እየተባለ ይንከራተትና ተመልሶ ዲ8 ይገባል፤ ምንም አላተረፈም። የልጅ ልጅዎ ግን መጀመሪያ ግንቡን ወደ ኤፍ4 ከፍ አደረገ። በጣም ያስደሰተኝ ይህች ናት። ጥቁር ግንቡን ወደ ሲ1 ሲያነሳ ንጉሡ ወደ ኢ7 ወጣ። ከኢ1 ቼክ ሲባል ወደ ዲ6፣ ከዲ1 ሲባል ወደ ኢ6፣ እንደገና ከኢ1 ሲባል ወደ ዲ5 ወረደ። ጥቁር ከዲ1 ቼክ ሲል ያ ግንብ ከኤፍ4 ወደ ዲ4 መጥቶ መሃል ገባ። ቼኩ አለቀ፣ ወታደሩም ይነግሣል። ግንቡ ኤፍ1 ላይ ቢቀር ኖሮ ወደ ዲ4 መድረስ አይችልም ነበር።

ለእረፍት ጎንደር ሲመጣ እርስዎ ጥቁሩን ይዘው ቀደም ያለውን፣ ወታደሩ 5ኛው ረድፍ ላይ ያለበትን አቋም ያጫውቱት። ወታደሩ እስኪገፋ ድረስ ግንብዎን ከ6ኛው ረድፍ አያንሱ፤ በዚያ በኩልም መከላከሉን ይማር።

ልጅዎ